ጨዋታው ሳያልቅ

ፋርመርስ ብራንች ከተማ ወዳለው የሥራ መጋዘናችን በሚወስደን ቫን ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት እዚህ አገር ላደገ ወጣት ስለ ልጃቸው ያወሩ ነበር።

«ቤዝቦል ይጫወታል፤ ኳስ ወርዋሪ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሄጄ አየሁት። አጥር ጥግ ተቀምጦ ሱፍ ይቆረጥማል እንጂ አያስገቡትም።»

«እስከ መጨረሻው አይተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«ኧረ! ሲያየኝ እንዳያፍር ብዬ ግማሹ ላይ እወጣለሁ። በኋላ ደውሎ ‹ዛሬ ወረወርኩ፣ አሸነፍን› ይለኛል። እኔን ለማስደሰት ይዋሻል።»

«ቆይ፣ ቆይ። ሪሊፍ ፒቸር፣ ተተኪ ወርዋሪ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ እንደሱ ነው የሚለው።»

«ጋሼ፣ ማለቴ... ሪሊፍ እኮ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው! የመጀመሪያው ወርዋሪ ሲደክም ጨዋታውን የሚዘጋው እሱ ነው። እሱ ሲገባ እርስዎ ፓርኪንግ ደርሰዋል!»

«ወይኔ!» አሉ።

«ምነው፣ ጋሼ?»

«ትናንት ‹ውሸቱን ተውና ሥራ ፈልግ› አልኩት። ‹እሺ አባዬ› አለኝ። ዛሬ ጠዋት ‹ክለቡን ለቅቄያለሁ› ብሎ ቴክስት አደረገልኝ።»

«ኖ! ኖ! አሁኑኑ ኮል ያድርጉለት!»

«ምን ብዬ?»

ቫኑ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እኔ ያልተፈታ ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና አባትየው ለልጃቸው ደውለው ስልኩ ሲጠራ አዳመጥኩ።