ከአስር ዘጠኝ ያልነው ፍርድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህን ስንብት ያሰናዳችሁልኝ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ወንበሩን ሁሉ ከስብሰባው ክፍል ተሸክሞ ላመጣው ለሥራ አስኪያጃችን ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ። ወገቤን ያመኛል እያለ እየማለ ነው የተሸከመው።

የሚያስቅ ንግግር ነበር ያዘጋጀሁት። ማክሰኞ ግን ከችሎት ክው ብዬ ወጣሁ፤ ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። ሳቁ ካነሰባችሁ ይቅር በሉኝ።

ልማዳችንን ታውቁታላችሁ። እርቅ ሲቀርብ ወይም ፍርድ ሲቃረብ ጠረጴዛውን ከበን እንቆምና አንዱ «የማሸነፍ ዕድላችን ከአስር ስንት?» ይላል። ሁላችንም ጣታችንን እናወጣለን። «እርግጡ» ብለን ስም ያወጣንለት ወንድማችን፣ አትሳቅ፣ አንተን ነው፣ ከአስር ጣት አንሶ አያውቅም። የእግር ጣት ቢፈቀድለትም ይጨምር ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ታስታውሷታላችሁ? ወንድሟ «እናታችን ቤቱን ለእኔ ተናዝዛለች» ብሎ የሚከራከራትን? መኖሪያዋም የስፌት ቤቷም እዚያው ነው። የወንድሟ ጠበቃ «የፊቱን ክፍል ትያዝና ክሱ ይቅር» ብሎ እርቅ ላከ። ጠየቅኳችሁ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አስር! እኔም ዘጠኝ። የኑዛዜው ምስክሮች ቃላቸው እርስ በርሱ ተጋጭቷል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?

«ከአስር ዘጠኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ኑዛዜው ይፍረስና የቤቱን ግማሽ እጠብቃለኋ፣ እትዬ» አለችና እርቁን ተወችው።

ማክሰኞ ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ኑዛዜው ጸንቷል፤ ቤቱ የወንድሟ ነው። ጆሮዬን አላመንኩም። ብድግ ብዬ «ክብርት ዳኛ፣ ይደገምልኝ» አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ደገሙልኝ። ያው ነው!

ኮሪደሩ ላይ የወንድሟን ጠበቃ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። የተሸነፈው እሱ ይመስላል።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

«ተይኝ እስቲ! እኔ እኮ ለደንበኛዬ ትሸነፋለህ ብዬዋለሁ። እርቁንስ ለምን የላክነው ይመስልሻል?»

አያችሁልኝ? ፀጉራችን በችሎት የሸበተ ሁለት ጠበቆች ተስማምተን ሳትን! በሐሳብ ብንለያይ እንኳ አንዳችን ያገኘው ነበር። ዕድሜያችንን የፈጀንበት ሙያ ይኸው ነው? ስናሸንፍ «ብዬ ነበር» እንላለን፤ ስንሸነፍ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ታዲያ መቼ ልንማር ነው? የአየር ሁኔታ የሚተነብየው ሰውዬ እንኳ ሲሳሳት አብሮን ይረጥባል። እኛ ስንሳሳት የሚረጥበው ደንበኛው ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ከሥራ ብድግ ብላ ነው የመጣችው፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ዘጠኙን ነገሩኝ» አለችኝ። «አንዷ ከመጣች የት እንደምገባ ግን አልተነጋገርንም።»

ስንት ችሎት ላይ ያልተበገርኩት ሴትዮ ይህችን አንዲት ነገር ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ። ያሳፍራል፣ ያስደነግጣልም።

ይግባኙን እርግጡ ይይዘዋል። ሰኞ ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ «ከአስር ስንት?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ወንድሜ፣ ጣትህን ከማውጣትህ በፊት ቁጭ አድርጋት። ብንሸነፍ የስፌት መኪኖቿን የት እንደምታሳርፍ፣ እሷስ የት እንደምታድር አብራችሁ ምከሩ። የወንድሟ ጠበቃ ይግባኝ ስላለ የእርቁ በር ገና አልተዘጋም ይላል። ከአስር ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አንተ ግን ዛሬውኑ ደውልለት።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጤና አይለያችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ይህ ቢሮ ሰው አይጉደልበት። ያሰባችሁት ይሙላላችሁ። ሳይሞላ በቀረ ቀን ደግሞ፣ እናንተን ያመነ ሰው መግቢያ አይጣ።