ፎርማት የተደረገው የወንድሜ ዲስክ

የወንድሜ አርባ ሲቃረብ እማዬ ለዕለቱ የሚሆን ትልቅ ፎቶውን ማሳተም ፈለገች። ፎቶዎቹ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አልነሳ ብሏል። ተሸክመነው ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ጥገና ቤት ሄድን። ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ፈቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ሲያገናኘው፣ ስክሪኑ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ማዘር፣ ዲስኩ ባዶ ነው» አላት።

ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። ግን ወንድሜ ዲስኩን ከፋፍሎ ሲያሳየኝ፣ ፋይሎቹ ያሉበት ክፍል ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም የተሠራ ስለሆነ ዊንዶውስ ሊያነበው እንደማይችል ነግሮኝ ነበር።

«ባዶ አይደለም፤ የሊኑክስ ስለሆነ ነው። እባክህ እንዳትነካው» አልኩት።

«ኧረ ባክሽ! ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

«ስምንትን ጨርሻለሁ።»

ሳቀብኝ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ባለሙያ ፊት እንዲህ አይባልም! አንተ ልጄ፣ እንደምታውቀው አድርገው።»

ጠጋኙ «ፎርማት» የሚለውን ተጫነው። ዲስኩ ተከፈተ፤ አንድም ፎቶ የለም።

«አላልኩዎትም?» አለ።

እማዬ አንገቷን ደፍታ «ለደከምክበት እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ» ብላ መረቀችው።

እሱም «አሜን» አለ። ፎቶው ዓይኗ ሥር እንደጠፋ እኔ እንዴት ብዬ ልንገራት?