ሽታ የሌለው ጠርሙስ

ራስ ምታቴ ቢጠናብኝ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው እዚያ ቆመው የጠርሙስ ክዳን እየከፈቱ ያሸታሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ደብዳቤ ሲመጣላቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ።

«ይኼ ምንም አይሸትም» አሉ፣ ጠርሙሱን ለባለሙያዋ ወጣት እየመለሱላት። «ያልሸተተ ነገር ቢምቢን እንዴት ያባርራል? ያንን የሎሚ ሽታ ያለውን ቅባት ስጪኝ፣ ልጄ።»

«እሱ ቢያባርር ለግማሽ ሰዓት ነው፣ አባባ። ለማን ነው የሚገዙት?»

«ለልጅ ልጄ። አራት ዓመቷ ነው።» ጠርሙሱን እንደገና አንስተው፣ «የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉ።

ታላቅ እህቷን ባለፈው ክረምት ወባ ወስዳታለች። ቀብሯ ላይ ቆሜ ነበር።

ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲያው ሽታውን ይተዉትና ጽሑፉን እንይ። እዚህ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከላከል፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚቀባ ተጽፏል። የሎሚው ላይ ምን አለ? የአበባ ሥዕል ብቻ።»

«ኬሚካል ነዋ! በልጅ ገላ ላይ?»

«የተመረመረ ነው። ዓይኗን፣ መዳፏንና ቁስል ካለባት ቁስሉን እንዳይነካ እንጂ አይጎዳትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክንዷንና እግሯን ይቀቧት፤ ስትተኛ አጎበር ውስጥ ትግባ። ካተኮሳት ደግሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።»

«ታዲያ ዓምና ሁለቱንም የሎሚውን ስቀባቸው የከረምኩት በከንቱ ነው?»

«ማን መከረዎት?» አለች ብቻ።

ዘወር ብለው አዩኝ። «እኚህ መምህር ናቸው። የተማሩ ሰው ናቸው ብዬ ብጠይቃቸው ‹ከኬሚካል የተፈጥሮው ይሻላል› አሉኝ።»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ ቁልፌን በኪሴ እየፈለግኩ፣ ስለ ነገሩ አንዲት መስመር ሳላነብ። «አላውቅም» ለማለት አፍሬ ነበር። እዚያች መድኃኒት ቤት ውስጥ ግን ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ።

«የማይሸተውን ስጪኝ» አሉ ልብስ ሰፊው። «ግን አንብቢልኝ። አንድም ሳታስቀሪ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው።

ይኸው ክረምቱ አለፈ። ትንሿ አንድ ቀን እንኳ ሳያተኩሳት በግቢው ስትሯሯጥ አያታለሁ፤ ጽሑፉን አንብቦ የመረጠ ቤተሰብ የሚያገኘው ይህንን ነው። ልብስ ሰፊው ሰላምታቸውን አልነፈጉኝም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ግን ደጃፌን አልፈው እስከ መድኃኒት ቤቱ ይሄዳሉ።