ልብን ሲያሳርፉ የደም ሥሩን ያልዘነጉት የአቶ እንዳላማው ፈንታ ዜና ሕይወት

ዛሬ በዚህ ዐጸድ የምንሸኛቸው አቶ እንዳላማው ፈንታ፣ ከመሪጌታ ፈንታና ከወይዘሮ አመተ ማርያም በኅዳር ወር ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ተምረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በደብረ ማርቆስ ከፈጸሙ በኋላ፣ የላቦራቶሪ ሙያ እንዲማሩ በ፲፱፻፶ ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ተላኩ። በዚያም አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ዘንድ፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ልብን ለጥቂት ደቂቃ ከመምታት አሳርፎ ከጉዳት የሚጠብቅ ፈሳሽ በሚቀመምበት ክፍል ተመደቡ።

ሌላው ሁሉ ልቡ መልሶ መምታቱን አይቶ ሲደሰት፣ እርሳቸው ነገርን ሳያላምጡ የማይውጡ ሰው ነበሩና፣ ልብን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በክር እያንጠለጠሉ ቢፈትኑ፣ ፈሳሹ ሲበረታ ሥሮቹ ተኮማትረው እንደሚቀሩ ደረሱበት። ፕሮፌሰሩ ግን ፈሳሹ እንከን የለውም የሚል ጽሑፍ አሰናድተው ፈርሙ ቢሏቸው፣ «ያየሁትን አላየሁም ብዬ አልፈርምም» ብለው ዲፕሎማቸውን ሳይዙ አገራቸው ገቡ።

በደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተቀጥረውም፣ አንድ ቀን እታመናለሁ በሚል ተስፋ ምርመራውን በግላቸው ቀጠሉ። ለዚህም ገና ትኩስ የሆነ የበግ ልብ ያሻቸው ነበር። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ሁዳዴ ገብቶ የክርስቲያን እርድ ሲቆም፣ ሥጋ ሻጩ አቶ አብዱልዋሂድ ልብ ያስቀምጡላቸው ጀመር፤ እርሳቸውም በባልዲ ይዘው በጠራራ ፀሐይ ሲሮጡ ታዩ። በዚያው ሰሞን የታጩላቸው የወይዘሮ ሥራነሽ አባት ቄስ ወልደ ሰንበት፣ ጾም ገድፎ የእስላም ሥጋ ለሚበላ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው እጮኝነቱን አፈረሱ። አቶ አብዱልዋሂድ ይህን ሰምተው፣ ሽማግሌ ይዘው ቄሱ ደጅ ሄደው ልቡ ለምርመራ እንጂ ለመብል አለመሆኑን መሰከሩ። ቄሱም ላቦራቶሪው ድረስ መጥተው ሥሩ በክር ላይ ሲኮማተርና ሲለቅ ለረጅም ሰዓት ሲመለከቱ ቆዩና፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የሠርጉን ቀን ከፋሲካ በኋላ ቆረጡ። በቀጣዩ ሁዳዴ ልቡ እንዳይዘነጋ አቶ አብዱልዋሂድን የሚያስታውሱት ቄሱ ራሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ሥራነሽ ልጆቻቸውን ማሬንና አንሙትን እያሳደጉ፣ ማታ ማታ ሥሩን በክር እያሰሩ ቁጥሩን ይመዘግቡ ነበር። አቶ እንዳላማው ውጤቱን በየዓመቱ ለፕሮፌሰሩ ቢልኩም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ አላገኙም፤ ይህም እጅግ አሳዝኗቸው እንደ ነበር የምናውቅ እናውቃለን።

በጥር ወር ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. የራሳቸው ልብ ደክሞ አልጋ ያዙ። በሚያዝያ ከፕሮፌሰሩ ደብዳቤ መጣ፤ የላኩትን ሁሉ ደግመው መርምረው እውነቱ የእርሳቸው መሆኑን ማመናቸውን፣ ፈሳሹ እንዲቀጥን መደረጉንና ይህን የሚያስረዳ ጽሑፍ በአቶ እንዳላማው ስም መታተሙን የሚገልጽ ነበር። ሰውነታቸው ዝሎ መቀመጥ ባይችሉም መልሱን በልጃቸው በማሬ እጅ አጻፉ። ስለ ደስታቸው አንድ መስመር ብቻ ካስገቡ በኋላ የቀረውን ገጽ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ የመዘገቡት ባለቤታቸው መሆናቸውንና ስማቸው አብሮ ካልታተመ ጽሑፉ ጎደሎ መሆኑን ለማስረዳት አዋሉት። ግንቦት ፳፩ ቀን በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ዐረፉ፤ የመልሱ ደብዳቤ ትናንት በፖስታ ሄዷል።

ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ስፍራ ይቀበልልን፤ ለእናታቸው ለወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ለልጆቻቸው ለማሬና ለአንሙት፣ እንዲሁም ለባለቤታቸውና ለሥራ ባልደረባቸው ለወይዘሮ ሥራነሽ ወልደ ሰንበት መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።