ወደ ግድግዳ የዞረው ወንበር

ጓደኞቼ፣ ንግግር አልወድም፤ አሳጥረዋለሁ።

ይህች እህታችን የልጆች ንግግር ሕክምና ባለሙያ ሆና ወደ ክሊኒካችን የመጣች ዕለት፣ ሊታከም የመጣ ሕፃን ማውራት ሲጀምር ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞረች። የጽዳት ሠራተኛዋን፣ «ምን አጥፍታ ነው የተቀጣችው?» አልኳት። «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እየሰማች ነው!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «እትዬ ጆሮ» ተብላ ቀረች። ሻይዋን ደጋግማ አሙቃ ሳትጠጣው እንደምትሄድም ታውቃላችሁ፤ ልጅ ካወራ ሻይ የለም።

እኔ ይህንኑ ሕክምና ከመጽሐፍ ራሴን ያስተማርኩ፣ በልጆቹ ፊት መስተዋት ይዤ «ምላስህን አንሣ!» የምል ሰው ነኝ። እሷ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ምላሱ ምን አደረገዎት?» ትለኛለች። «ሥራሽን ሥሪ!» እላታለሁ።

ዛሬ አፍሬያለሁ። ባለፈው ወር የልጄን ልጅ አመጣሁላት። ካልሲን «ታልሲ»፣ ገበያን «ደበያ» ትላለች። ክረምቱን በሙሉ መስተዋት ፊት አስቀምጬ፣ «ምላስሽ ሰነፍ ነው» ስላት ከረምኩ። በመጨረሻ እኔ ስገባ አፏን መዝጋት ጀመረች።

እትዬ ጆሮ የአሻንጉሊት ቤት ሰጥታት ወንበሯን አዞረች። ልጅቷ ትንሿን በር እያንኳኳች፣ «ኳ! ኳ! ኳ!» አለች። ጥርት አድርጋ።

«ሰሙ ጋሼ? ምላሷ ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ድምፁን ማውጣት ራሱ ያቅተዋል፤ ለእሱ መስተዋትዎ ይጠቅማል። እሷ ግን ድምፁ አላት። ስታወራ እንደ «ክ» እና «ግ» ከአፍ ኋላ የሚወጡትን ድምፆች በሙሉ ወደ ፊት የምታመጣበት የራሷ ሕግ አላት። የሚስተካከለው ሕጉ ነው፤ ምላሷን ይተዉላት።»

ይህን ለዓመታት ነግራኛለች። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን አልሰማሁም። በዕድሜ ሁላችሁንም እበልጣለሁ፤ ዛሬ ግን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

እህቴ፣ አመሰግንሻለሁ። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ አሁን እለምንሻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጅቷ ቤቴ ድረስ ነይልኝ። መልሱን እዚህ አትስጪኝ፤ ሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብዳል፣ በዚያ ላስገድድሽ አልፈልግም።

መስተዋቱን ከቤት አውጥቻለሁ። ወንበሬን ወደ ግድግዳ አዙሬ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። እስከ ትናንት ምንም አልነበረም። ትናንት ከጀርባዬ፣ በጣም በቀስታ፣ «ኳ ኳ» ሰማሁ።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ። ለምትሰማዋ! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ሻይሽንም ከእንግዲህ በትኩሱ ጠጪ።