ደንበኛ የሸሸው ሱቅ

ከሽንፋ ወደ ገንዳ ውሃ የሚመለሰው ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ባይቆም ኖሮ፣ ጋሽ ዋሴና የትናየት ያን ያህል ባልተነጋገሩ ነበር። ጋሽ ዋሴ በገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ የታወቀ ሱቅ ያላቸው፣ ሰሊጥም የሚያርሱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የትናየት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ጎንደር ላይ የጤና ትምህርት ተምራ አሁን በከተማዋ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሹፌሩ ጎማውን እስኪቀይር ተሳፋሪው ከጠራራው ፀሐይ ሸሽቶ አንዲት የባምባ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እሑድ ባለሱቆች በሙሉ ለስብሰባ ተጠርተናል። የነገሩ ጠንሳሽ አንቺ ነሽ አሉ» አሉ ጋሽ ዋሴ፣ ፊታቸውን በባርኔጣቸው እያራገቡ።

«ብቻዬን አይደለሁም ጋሽ ዋሴ፤ ወላጆችም አሉበት። ሐሳቡ በትምህርት ቤቱ፣ በጤና ጣቢያውና በመናኸሪያው ዙሪያ ያሉ ሱቆች ሲጋራም ሆነ ከሱዳን የሚመጣውን ከንፈር ሥር የሚያዝ ትንባሆ እንዳይሸጡ ነው። ከዚያ ራቅ ብለው የሚሸጡ ጥቂት ሱቆች ይኖራሉ። ጨርሶ ይጥፋ ያለ የለም።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል? ሱስ ያለበት ሰው እንኳን ሌላ ሰፈር፣ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄዶም ይገዛዋል። እኔ ሲጋራ ይዤ በመንገደኛ አፍ አልሰካ! ፈልጎ መጣ፣ ሸጥሁለት።»

«ሱስ ያለበትስ ይሄድ ይሆናል። ገና ያልለመደው ልጅ ግን አይሄድም፤ እስክሪብቶ ሊገዛ መጥቶ ነው የሚያየው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ የሚሸጡትን የሰሊጥ አረም ማጥፊያ ለምን ከስኳሩና ከብስኩቱ ጋር አይደረድሩትም?»

«እግዜር ያሳይሽ! መርዝ ነው እኮ!»

«ፈልጎ የመጣ ይገዛው የለ?»

ጋሽ ዋሴ ሳቅ አመለጣቸው። በቀላሉ የሚረቱ ሰው ግን አልነበሩም። «ክርክር መቼ ያቅትሻል፤ አባትሽም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጄ፣ አረም ማጥፊያ የጠጣ እዚያው ይቀራል። የሚያጨሰውን ግን ሲያርስም ሲያጭድም አየዋለሁ። ደግሞስ መተው የፈለገ ይተወዋል። የቆረጠን ሰው የእኔ መደርደሪያ ምን ያደርገዋል?»

ይህ የጋሽ ዋሴ አስተሳሰብ የብዙዎቻችን ነው። የሰውን ድክመት ከሩቅ ስናየው የፈቃድ ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። ፈቃድ ግን እንደ ጉልበት ነው፤ ዳገት ሲበዛበት ይዝላል።

የትናየት ልትመልስ ስትል፣ የሽማግሌው ዓይን ከጥላው ዳር ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በተቀመጠ ሰው ላይ አረፈ። ስሙ ምናለ ይባላል። ምናለ በየዓመቱ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ ሠራተኛ ነው። ለእሳቸውም ብዙ መከር አጭዶላቸዋል፤ አንድ ጊዜ እርሻ ላይ ወባ ጥሏቸው መኪና መንገድ ድረስ ተሸክሞ ያወጣቸውም እሱ ነው። ዘንድሮ ግን ሱቃቸው ብቅ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ከሩቅ ሲያያቸው በጓሮ ዞሮ ሲያልፍ አይተውት ቅር ተሰኝተው ነበር።

«ምናለ! ና እስቲ ወዲህ። ዛሬስ መሸሻ ጓሮ የለህም። ምን በድዬህ ነው ቤቴን የተጸየፍኸው?»

ምናለ ቀረበና አንገቱን ደፋ። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልበደሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ሲጋራ ልተው ብዬ ነው።»

ነገሩ አልገባቸውም። «ሲጋራ መተውና እኔን መሸሽ ምን አገናኘው?»

«እርሻው ላይ የሚሸጥ የለም ጋሼ። የመጀመሪያው ሰሞን ያንገበግበኛል፤ ኋላ ይለቀኛል፤ ሳሉም ጋብ ይላል። ችግሩ ከተማ ስገባ ነው። አምና ተውሁ ብዬ፣ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ልገዛ እርስዎ ዘንድ ገባሁ። ፊት ለፊቴ ተደርድሯል። ሳሙና ሊል የተከፈተው አፌ ሲጋራ አለ።» «አገሬ ስገባ ትንሿ ልጄን ደረቷን አሟት አገኘኋት። ጭስ አጠገቧ እንዳይደርስ ተባልን። ለእሷ ስል ማልሁ። ግን በየደጁ አለ፤ በየት ልለፍ? የሌላውን ሱቅ ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ። እርስዎን ግን ሰላም ሳልል ማለፍ አልችልም። ሰላም ካልሁ እገባለሁ፤ ከገባሁ አበቃልኝ። ስለዚህ በጓሮ እዞራለሁ።»

ጋሽ ዋሴ ስለሚጠላኝ ነው ያሉት ሰው ለካ የሚሸሻቸው ስለሚወዳቸው ነው። የትናየትም አስተዋይ ናትና፣ አሸነፍሁ ብላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። መኪናው ተነሥቶ ከተማ እስኪገቡ ድረስ ሽማግሌው በመስኮት የቆመውን የሰሊጥ ነዶ ያዩ ነበር። ሲወርዱ ብቻ «እሑድ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቋት።

በስብሰባው ላይ ቀድማ የተነሣችው በመናኸሪያው በር ሱቅ ያላት ዘሊካ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ሱቅ የምታሳድግ ሴት ናት። «ሲጋራ የሚገዛኝ ሰው ዳቦም ውሃም ይገዛኛል። እሱን ስትከለክሉኝ ዳቦውም አብሮ ይሄዳል። ደንቡን የምታወጡት እናንተ፣ ጦም የሚያድሩት የእኔ ልጆች!» አለች።

ጋሽ ዋሴ ብድግ አሉ። «ዘሊካ ያለችውን እኔም ስል ነበር፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ሲጋራው የሚያመጣልኝን ደንበኛ ስቆጥር፣ የሚያባርርብኝን አላይም ነበር። ከእኔ ሳሙና መግዛት የሚፈራ ወዳጅ አለኝ። የሚፈልግ ራቅ ብሎ ይግዛ፤ መተው ለሚፈልግ ግን መንገዱን እንልቀቅለት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራውን ከመደርደሪያዬ አውርጃለሁ። ዘሊካ ግን በእጇ ያለውን ሸጣ እስክትጨርስ ጊዜ ይሰጣት፤ መናኸሪያው ውስጥ ምግብና መጠጥ ለመሸጥም ቅድሚያ ታግኝ። ደንብ ስናወጣ ሰው አንጣል።»

ብዙ ተጨቃጭቀው በዚሁ ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ አንድ መከር አልፏል። ገንዳ ውሃ ላይ የሚያጨስ ሰው አልጠፋም፤ ይጠፋል ያለም አልነበረም። ነገር ግን ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ዓይኑ ሲጋራ ላይ አያርፍም። ሳሉን ታክሞ ከጤና ጣቢያ የሚወጣ ሰው በሩ ላይ በሽታውን መልሶ አይገዛም። እንደ ምናለ ያለው የቀን ሠራተኛም በመናኸሪያው ሲያልፍ ከራሱ ጋር ትግል አይገጥምም። ዘሊካ መጀመሪያ ገበያው ቀዝቅዞባት ጋሽ ዋሴን ስትራገም ከርማ ነበር፤ አሁን የምትሸጠውን ቀዝቃዛ ከርከዴ መንገደኛው እየተሻማ ይጠጣላታል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ልብስ ሰፊው አለነ ነው። ሲጋራ ከእጁ የማይለይ፣ ደንቡን አምርሮ የተቃወመ ሰው ነበር። አንድ ቀን በቀትር ራቅ ወዳለው ሱቅ ሊሄድ ተነሣና፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ተመለሰ። በጋሽ ዋሴ ደጅ ሲደርስ ላቡን እየጠረገ «ለአንዲት ሲጋራ ይህን ሁሉ ፀሐይ? ምን በወጣኝ!» አለ።

ጋሽ ዋሴ በተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ፈቀቅ አሉለት።

«ተቀመጥ» አሉት። «ነገም ፀሐይ ነው።»