«ቀለብ ቆረጠ» ብለን ተከሳሽ የመሰልንበት ቀን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም ነበር። አባቴ እዚሁ ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ገበሬ ነበር፤ አሁን ፎቅ የቆመበት ሁሉ የገብስ ማሳ ነበር። ታዲያ አንዱ ሚስቱን ፈትቶ፣ ለልጄ እህል እሰፍራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ከቀረ፣ ሽማግሎቹ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ቤቱ ሄደው አይለምኑትም። አውድማው ላይ ነው የሚሄዱበት። እህሉ ጎተራ ሳይገባ፣ «ይሄ የልጁ ነው» ይሉና ሰፍረው ለእናቲቱ ያሸክሟታል። አለቀ። ቢቆጣ ለራሱ ነው።

አሁንስ? አሁን ሰዉ አውድማ የለውም። ሞባይል ነው ያለው፣ እሱንም ያጠፋዋል።

ሰዓዳ፣ አንቺም ደንበኛሽን ሸኚና ነይ ተቀመጪ፤ ሱቁ ጥሎሽ አይሄድም። ይሄን የማወራው ላንቺ ብዬ ነው፣ እወቂው። ባልሽ ልጁን አሳቅፎሽ ከሄደ ወዲህ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ እንዳልላከ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እና የልጄን የሌሊሴን ነገር ነው የምነግራችሁ። ግርማ ከሚባለው ባሏ ጋር ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ሕፃኗን ቦንቱን ለእናቷ ሰጠ፣ እሱ ደግሞ በየወሩ ቀለብ እንዲሰጥ ተወሰነበት። መጀመሪያ ሰጠ፣ አይካድም። እና ቀስ እያለ ማሳነስ ጀመረ፣ እና አንዱን ወር ዘለለ፣ እና ጭራሽ አቆመ። ሌሊሴ ስትደውል ድምፁን እንደ በሽተኛ ቀጠን አድርጎ፣ «ምን ላድርግ ሌሊዬ፣ ታክሲውን ባለቤቱ ወሰደብኝ፣ ሥራ የለኝ፣ ጊዜው እኮ...» ይላታል። ደግማ ስትደውል አያነሳም።

እሷ መገናኛ ልብስ መሸጫ ተቀጥራ ነበር፣ ደሞዟን የቤት ኪራይ ይውጠዋል። ታዲያ አንድ ቀን መጣችና፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ፓስፖርት አውጥቻለሁ» አለችኝ። «የምን ፓስፖርት?» «ዓረብ አገር ልሄድ ነው። ደላላው ጨርሶልኛል። ቦንቱን አንቺ ትይዥልኛለሽ።»

«ኢንታላ ኮ» አልኳት፣ በኦሮምኛችን ልጄ ማለት ነው፣ «አባቷ እዚህ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ እናቷ በረሃ ትሂድ? ይቺ ልጅ እናቷን በስልክ ብቻ ልታውቃት ነው?»

«ታዲያ ምን ትብላ?»

«አባቷ ያመጣል።»

«በምን ይመጣል እማዬ? ማን ይሰማናል?»

«ይሰሙናል» አልኳት። እንዴት እንደሚሰሙን እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን አንዴ ከአፌ ወጣ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ አስነሳኋት።

ፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ አይደል፣ አንዱ ጋ ተቀመጥን። ሰው ከቦታል፣ ግራ ቀኝ ይናገሩታል። «እማማ፣ ጉዳዩ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቀለብ ቆረጠ» አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? የልጅቱን ቀለብ ቆረጠ። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለና ኮምፒውተሩ ላይ ጣቶቹን ቶሎ ቶሎ አስኪዶ ጨረሰው፣ አትሞ ሰጠን፣ እኛም ይዘን ገባን።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ የጠየቃችሁት ቀለብ እንዲቆረጥ ነው። በመዝገባችን ግን ቀለቡ ድሮ ተቆርጧል።»

«እሱን ነው የምልሽ። ተቆርጧል።»

«ከተቆረጠ ምን ቀረ ታዲያ?»

«እንዳይቆረጥ ነዋ የመጣነው።»

«ቀለቡ እንዳይቆረጥ?»

«አዎ።»

«ለልጅቱ ቀለብ አይቆረጥ ነው የሚሉት? አያቷ ነዎት አይደል?»

እናንተ፣ ያን ጊዜ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የገዛ የልጅ ልጇን ልታስርብ የመጣች አሮጊት መሰልኳቸው። እኔም ጦፍኩና «እኔ አልቆረጥኩ፣ እሱ ነው የቆረጠው» አልኩ። «አዎ፣ እሱ ቆርጧል ነው የምልዎት» አለችኝ። እሷም ትላለች፣ እኔም እላለሁ፣ ሁለታችንም አንድ ነገር እያልን አንግባባም። ሌሊሴ አፍራ፣ «እማዬ፣ በቃ እንሂድ» እያለች ክንዴን ትጎትታለች። አልሄድም አልኳት። ወለሉ ላይ ብቀመጥም እቀመጣለሁ እንጂ አልሄድም።

ታዲያ እዚያው ግቢ ለእናቶች በነጻ ጠበቃ የሚቆሙ አሉ፣ አንዷ ወጣት ጭቅጭቃችንን ሰምታ መጣች። «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ቆረጠላት ነው ወይስ ቆረጠባት?»

«ቆረጠባት!»

ጠበቃዋ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፣ መስኮቱ ላይ ያለችውም ሳቀች። ለካ እኔ ቆረጠባት ለማለት ቆረጠ ስል ጸሐፊው ቆረጠላት መስሎት፣ እንደ አዲስ ቀለብ ይወሰንልን ብሎ ጽፎልናል። መስጠት ሲጀምሩም ቆረጠ፣ ሲያቆሙም ቆረጠ፤ ይሄ አማርኛ ደግሞ! በኦሮምኛ ብናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ብዬ አሳቅኳቸው። የሌሊሴም ፊት ትንሽ ፈታ አለ።

ጠበቃዋ አስቀመጠችንና አስረዳችን። «አዲስ ክስ አያስፈልጋችሁም። ፍርዱ አለ፣ ያልተፈጸመው ነው የሚፈጸመው። የአፈጻጸም መዝገብ እንከፍታለን። ደሞዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ያዛል፣ የልጅቱ ድርሻ እጁ ሳይገባ ይነሳል።»

እጁ ሳይገባ ስትል ልቤ ዘለለ። «ይሄማ እኛ የምናውቀው ነው፣ አውድማው ላይ መያዝ ነው» አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም መሰለኝ፣ «ልክ ነው እማማ» አለችኝ ለእድሜዬ ብላ። «ግን የት እንደሚሠራ ማወቅ አለብን።»

እሱ ደግሞ ሥራ የለኝም ባይ ነው። ታዲያ እኔ ሰው ፈልጊ ብባል የት እንደምሄድ አውቃለሁ፤ መገናኛ ነው። ግርማ ታክሲ ሲነዳ ተራ የሚያስከብር የነበረውን ልጅ ፈልጌ፣ የቦንቱ አያት ነኝ፣ ግርማ ጠፋብን አልኩት። «እንዴ፣ ግርሜ? ግርሜማ ተመችቶታል እማማ፣ ጉርድ ሾላ አንድ ካምፓኒ ሰርቪስ ይነዳል፣ ፐርማነንት ሆኗል እኮ» አለኝ። እኔ አመስግኜ፣ መርቄ ሄድኩ።

ከሌሊሴ ጋር የካምፓኒው በር ላይ ጠበቅነው። አውቶብሱን አቁሞ ሲወርድ እኔን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ ምነው፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው። ሥራ የለኝም የሚል አንድ ልጅ ጠፍቶኝ ነው።»

«እማማ፣ በእናትዎ፣ እዚህ በር ላይ ሰው ያየናል። ሥራዬን እንዳታበላሹብኝ።»

«እኔ? እኔማ ዕድሜ ልክህን ያሠራህ ነው የምለው።»

ከዚያ ወደ ሌሊሴ ዞረ። ከኪሱ ብር አወጣና ድምፁን ያንን የስልኩን አደረገው። «ሌሊዬ፣ አሁን ይሄን ያዢ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ እሰጥሻለሁ። ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል? እኛ እኮ ቤተሰብ ነን።»

ብሩን ስታይ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ኪራዩ ደርሷል፣ ልጅቱ ጫማ የላትም። ሌሊሴ ደግሞ ከልጅነቷ ዝምተኛ ናት፣ እሺ ማለት ነው የምታውቀው። ታዲያ ዓይኑን ዓይኑን እያየች ምን አለችው መሰላችሁ?

«አልቀበልም። ዛሬ ከኪስህ ከሰጠኸኝ ነገ ከኪስህ ትከለክለኛለህ። የቦንቱ በተወሰነው መንገድ ይምጣ።»

እኔ ያቺን ልጅ ወልጄ አሳድጌ እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ መመላለስ ነው። ተለዋጭ ቀጠሮ ይሉናል፣ እንመጣለን፣ ይዘንባል፣ እንመጣለን፣ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፣ እንመጣለን። በመጨረሻ ግርማ ዳኛዋ ፊት ቀረበና «ክብርት ዳኛ፣ ደሞዜ ትንሽ ነው» አለ። ዳኛዋም ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ልጅቷም ትንሽ ናት፣ ግን ትበላለች» አለችው። እና ለካምፓኒው ትእዛዝ ተጻፈ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ደሞዝ በገባ ቁጥር የቦንቱ ቀድሞ ይነሳል፣ ያስቀረውም ውዝፍ ቀስ በቀስ እየገባ ነው።

ደላላው ደወለ። ሌሊሴ አጠገቤ ሆና ነው ያነጋገረችው። «ቪዛሽ ሊደርስ ነው» አላት። «አልሄድም» አለችው። «እንዴ፣ ለሌላ ሰው ልስጠው ታዲያ?» ሲላት፣ «ለማንም አትስጠው» ብላ ዘጋችበት። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። በፍርድ ቤት ያላለቀስኩት እዚያ ወጣልኝ።

አንዳንዱ ሰው ጨከንሽበት ይለኛል። ምን ጨከንኩ? እሱን ለምኜው ቢሆን፣ የእሱን ጠይቄ ቢሆን ይሁን። የጠየቅሁት የልጅቱን ነው። የራስን መጠየቅና መለመን አንድ አይደሉም፤ የራስሽን ስትጠይቂ ቀና ብለሽ ነው። ሰዓዳ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?

— እማማ፣ እኔ እኮ እንደ ሌሊሴ ፍርድ እንኳ የለኝም።

— ከፍርዱ ትጀምሪያለሻ። ሌሊሴ ይዛሽ ትሄዳለች፣ ጠበቃዋን ታውቃታለች።

— ነገ ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል?

— እኔ። (ሁሉም ሳቁ) የዘይቱን ዋጋ ብቻ ንገሪኝ፤ ዱቤ የሚሉትን እኔ አውቅባቸዋለሁ።